በጦርነት ውስጥ ወሲባዊ ጥቃትን የሚታገሉ የመብት ተሟጋቾችን ስለማክበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሰብዓዊ መብት ተሟጋች የሚባለው ማን ነው?

ተሟጋች የሚያሰኘው ሥራው ነው እንጂ ማዕረግ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዲሴምበር 9 ቀን 1998 ባጸደቀው መግለጫ መሠረት፣ ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሰውን መብት በሰላማዊ መንገድ ለማስከበር የሚሠራ ሁሉ ተሟጋች ነው። መታወቂያ አይጠየቅም። ዲግሪም አይጠየቅም።

ወደ ጦርነትና ወሲባዊ ጥቃት ስንመጣ ዝርዝሩ ሰፊ ነው። ሐኪም፣ ጠበቃና ጋዜጠኛ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ግን በእኩለ ሌሊት ስልክ አንስታ «የት ነሽ? አጠገብሽ ማን አለ?» የምትለዋም ተሟጋች ናት። ተጎጂዋን ጭኖ ኬላ ለኬላ የሚያልፈው ሾፌርም እንደዚሁ።

እስቲ አንዲት ነርስ እናስብ። ናሙና ወስዳ ፖስታ ውስጥ ታሽጋለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የራሷን ስም ትጽፋለች። ትፈርማለች። ለሌላ ሰው ስታስረክብም ሳታስፈርም አትለቅም። ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ የተከሳሹ ጠበቃ ቀድሞ የሚያነሳው ያንን ፊርማ ነው። አንድ ፊርማ ከጎደለ ማስረጃው ገደል ሊገባ ይችላል። ሽልማት ሲሰጥ ግን እሷን መድረክ ላይ የምናያት ስንቴ ነው?

በጦርነት ጊዜ የሚፈጸመው ጥቃት ከሌላው በምን ይለያል?

ሕመሙ አይለይም። የሚለየው ከጦርነቱ ጋር ያለው ገመድ ነው። ሰውን ከመሬቱ ለማፈናቀል፣ ማኅበረሰብን ለማዋረድ፣ መረጃ ለማውጣጣት፣ ዘር ለማጥፋት ይውላል። አንዳንዴ በትእዛዝ ይፈጸማል። አንዳንዴ ደግሞ አዛዡ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በሕግ ፊት ሁለቱም ያስጠይቃሉ።

ሕጉ የሚያየው አስገድዶ መድፈርን ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የቆመበት፣ ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሮም ስምምነት፣ የወሲብ ባርነትን፣ በግዳጅ ማስረገዝንና በግዳጅ ማምከንን በስማቸው ይጠራል። «ጦርነት ነው፤ ያጋጥማል» የምትል አባባል አለች። ስንት ፋይል እንዳዘጋች ቤት ይቁጠራት።

ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ እና ናዲያ ሙራድ ምን ሠርተው ነው የተሸለሙት?

የ2018ን የኖቤል የሰላም ሽልማት የተካፈሉት፣ ወሲባዊ ጥቃት የጦር መሣሪያ መሆኑ እንዲቀር ባደረጉት ትግል ነው። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። እሳቸው ሐኪም ናቸው። እሷ ጥቃቱ የደረሰባት ናት።

ዶክተር ሙክዌጌ የማህፀን ሐኪም ናቸው። ይሠሩበት የነበረው የሌሜራ ሆስፒታል በ1996 ተጠቃ፤ ታካሚዎችና ሠራተኞች ተገደሉ። በ1999 በምሥራቅ ኮንጎ፣ ቡካቩ ከተማ ፓንዚ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሐሳባቸው እናቶች በወሊድ እንዳይሞቱ ነበር። የመጀመሪያዋ ታካሚያቸው ግን ልትወልድ የመጣች አልነበረችም፤ ተደፍራ በጥይት የተመታች ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን አክሟል። ሽልማቱ ሲታወጅም ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ናዲያ በሰሜን ኢራቅ፣ ሲንጃር አካባቢ፣ ያዚዲ የሚባሉት አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ በሚኖሩባት ኮቾ በምትባል መንደር ነው ያደገችው። በኦገስት 2014 አይኤስ የተባለው ታጣቂ ቡድን መንደሯን ያዘ። እናቷና ስድስት ወንድሞቿ ተገደሉ፤ እሷም እንደ ዕቃ ተሸጠች። በዚያው ዓመት አመለጠች፤ በ2015 ጀርመን ገባች። በዲሴምበር 2015 በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርባ የደረሰባትን ተናገረች። ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ብዙ ሰው ፊቱን ሸፍኖ የሚናገረውን በስሟና በፊቷ ተናገረች።

ከእነሱ በፊትስ ማን ነበር?

ብዙ። በኦገስት 14 ቀን 1991 ኪም ሃክ ሱን የተባሉ ኮሪያዊት እናት ካሜራ ፊት ቀርበው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ጦር እንዴት በወሲብ ባርነት እንደያዛቸው ተናገሩ። ዕድሜያቸው በስድሳዎቹ ውስጥ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው መሆኑ ነው ዝምታው የተሰበረው። እሳቸው ሲናገሩ በፊሊፒንስ ማሪያ ሮዛ ሄንሰን፣ ከዚያም ሌሎች ተነሡ። ከጃንዋሪ 1992 ጀምሮ ሴኡል በሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ፊት ለፊት ረቡዕ ረቡዕ ሰልፍ ይደረግ ጀመር። ዝናብም ሆነ በረዶ ረቡዕ ረቡዕ ነው።

የኮሎምቢያዋ ጋዜጠኛ ሂኔት ቤዶያ በሜይ 25 ቀን 2000 ቃለ መጠይቅ ልታደርግ ቦጎታ ወዳለ እስር ቤት ሄዳ፣ በሩ ላይ ታፈነች፤ ተደፈረች። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዝም ማለት ይብቃ የሚል ዘመቻ አስነሣች። ቀኑን አገሯ በጦርነቱ ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ክብር አድርጋ ታስበዋለች። በ2021 ደግሞ የአሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የኮሎምቢያን መንግሥት ተጠያቂ አደረገው። ከኮንጎም ዡሊየን ሉሴንጌን ማንሣት ይገባል። ለጥቃት የተዳረጉ ሴቶች ሐኪምና ጠበቃ እንዲያገኙ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራች ናት፤ በ2023 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ሽልማት ከተሰጣቸው አንዷ ሆናለች።

የሚታሰቡበት ቀን አለ?

አለ። ጁን 19 ነው፤ በእኛ ሰኔ 12 መሆኑ ነው። ቀኑ የተመረጠው የጸጥታው ምክር ቤት በ2008 ውሳኔ ቁጥር 1820ን ያሳለፈበት ስለሆነ ነው። ውሳኔው ወሲባዊ ጥቃት የጦር ስልት ሊሆን እንደሚችል ያወቀ ነው። መታሰቢያ ቀኑን ጠቅላላ ጉባኤው የደነገገው በ2015 ነው።

«ተጠቂ» ልበል ወይስ «ከጥቃት የተረፈች»?

ራሷን ጠይቅ። አንዷ «ተጠቂ ነኝ፤ ወንጀል ተፈጽሞብኛል፤ ወንጀለኛው ይቀጣልኝ» ትላለች። ፍርድ ቤትም የሚያውቀው ይህንን ቃል ነው። ሌላዋ «ተርፌያለሁ፤ በዚያ ቀን ብቻ አትጥሩኝ» ትላለች። ሦስተኛዋ ሁለቱንም አትፈልግም፤ መምህርት ናት፤ መምህርት በሏት። «ክብሯን ያጣች» የሚለው ግን ይቅር። ክብሩን ያጣው አድራጊው ነው።

ሽልማት ሰውን ከጥይት ያድናል?

አንዳንዴ ይከላከላል፣ አንዳንዴ ዒላማ ያደርጋል። ዶክተር ሙክዌጌ በ2008 የተባበሩት መንግሥታትን የሰብዓዊ መብት ሽልማት አግኝተው ነበር። በኦክቶበር 2012 ግን የታጠቁ ሰዎች ቤታቸው ገብተው ጠበቋቸው። እሳቸው ለጥቂት ተረፉ፤ ሊያድናቸው የሮጠው የቤታቸው ጠባቂ ተገደለ። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ተሰደዱ።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ያከሟቸው የኮንጎ ሴቶች ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ። ለተባበሩት መንግሥታት ጻፉ። መልስ ጠፋ። አናናስና ሽንኩርት እየሸጡ ለዶክተሩ የመመለሻ ትኬት ገንዘብ ማጠራቀም ጀመሩ። የቀን ገቢያቸው አንድ ዶላር የማይሞላ ሴቶች ናቸው። በጃንዋሪ 2013 ዶክተሩ ሲመለሱ ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ ተቀበላቸው። ሴቶቹም «እኛ በየተራ እንጠብቅዎታለን» አሏቸው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከኦስሎው የኖቤል ሜዳሊያ ያቺ የአናናስ ሳንቲም ትበልጣለች። ሰውየው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ የተከፈለች ናትና።

ይሁንና የታወቀ ስም ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። በ2020 የግድያ ዛቻው ሲበረታባቸው ዓለም ጮኸ፤ የሰላም አስከባሪ ወታደሮችም ሆስፒታሉን ለመጠበቅ ተመለሱ። ስሟን ማንም የማያውቃት የገጠር ተሟጋች ዛቻ ሲደርሳት ማን ይጮህላታል? ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከጭብጨባው በኋላ የተለወጠ ነገር አለ?

አለ። በ2019 ሁለቱ ተሸላሚዎች ለተጎጂዎች ካሳ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ፈንድ አቋቋሙ። በማርች 2021 የኢራቅ ፓርላማ ለያዚዲና ለሌሎች ተጎጂዎች ወርኃዊ ክፍያ፣ መሬትና የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት አንድ የአይኤስ አባል በያዚዲዎች ላይ በተፈጸመ የዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለ። እንዲህ ያለ ፍርድ የመጀመሪያው ነበር።

ያልተለወጠም አለ። በኮንጎ ከ1993 እስከ 2003 የተፈጸሙ 617 ከባድ ድርጊቶችን የዘረዘረ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት በ2010 ወጥቷል። ዶክተር ሙክዌጌ ኦስሎ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሹማምንት ፊት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ መሳቢያ እየሻገተ ስላለ ሪፖርት ያነሡት ይህንኑ ነው። ናዲያም በዚያው መድረክ፣ ክብራችንን የሚመልስልን ሽልማት ፍትሕ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ተናገረች። ሽልማት ተቀባዮቹ ራሳቸው ሽልማቱ እንደማይበቃ ተናገሩ ማለት ነው።

ፍርድ ቤትና ማክበር ምን አገናኛቸው?

በጣም ይገናኛሉ። የሩዋንዳውን የዘር ማጥፋት ጉዳይ ውሰዱ። የታባ ከንቲባ የነበረው ዣን ፖል አካዬሱ ታንዛኒያ፣ አሩሻ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሲከሰስ፣ ክሱ ላይ ስለ መድፈር አንድም መስመር አልነበረም። ችሎቱ ላይ አንዲት ምስክር ስለ ሌላ ነገር ስትናገር የመድፈሩ ነገር ወጣ። ከዳኞቹ ብቸኛዋ ሴት የነበሩት ናቪ ፒላይ ዝም ብለው አላለፉትም፤ ጠየቁ። የሴቶች መብት ድርጅቶችም ክሱ እንዲሻሻል በጽሑፍ ወተወቱ። በ1997 ክሱ ተሻሻለ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈረደ።

እዚያ ውስጥ የሚከበረው ማን ነው? ስማቸው በፊደልና በቁጥር ብቻ የተጻፈ ምስክሮች አሉ። ከጠባቧ የምስክር ክፍል ወጥተው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ የገዳዮቹ ዘመዶች ወዳሉበት መንደር የተመለሱ ሴቶች ናቸው። በጓቲማላም እንዲሁ ነው። የሴፑር ሳርኮ አያቶች የሚባሉት፣ በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች በወሲብ ባርነት የያዟቸው የማያ ሴቶች፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር ችሎት የተቀመጡት። በፌብሩዋሪ 2016 ሁለት የቀድሞ የጦር ሰዎች 120 እና 240 ዓመት ተፈረደባቸው። ድርጊቱ ከተፈጸመ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

ካሳስ? ገንዘብ ስለ ክብር ሲወራ ይነሣል?

መነሣት አለበት። ፊስቱላ ያለባት ሴት መታከሚያ ያስፈልጋታል። ከጥቃቱ የተወለደ ልጅ ደብተር ይገዛለታል። ኮሶቮ በ2018 ለተጎጂዎች ወርኃዊ ክፍያ ጀመረች፤ ሲጀመር እስከ 230 ዩሮ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ከ18 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

በኮንጎ ፍርድ ቤቶች ካሳ የወሰኑላቸው ብዙ ሴቶች ግን ብሩን በዓይናቸው አላዩትም። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። በኢራቅም ሕጉ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ አመልካቿ መጀመሪያ የወንጀል ክስ አቅርቢ መባሏ ብዙዎችን አሸሽቷል። መጀመሪያ ሕጉ ሲወጣ ያልነበረ ዳገት ነው። ለወረቀት ሲባል ያን ሁሉ ታሪክ እንደገና ማን ይናገራል?

ወንዶችም ይጠቃሉ?

አዎ። በተለይ በእስር ቤትና በምርመራ ጊዜ። ብዙ ጊዜ ሰነዱ ላይ «ድብደባ» ወይም «ማሠቃየት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ወሲባዊው ክፍል ይዘለላል። ሰውየውም ለሚስቱ እንኳ አይናገርም። ወንድ ተጎጂዎችን የሚረዱ ተሟጋቾች ጥቂት ናቸው፤ ሲከበሩም እምብዛም አይታይም።

በክብር ዝግጅት ላይ ተጎጂዋ ታሪኳን እንድትናገር መጋበዝ ትክክል ነው?

ልትናገር ከፈለገች መድረኩ የእሷ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አዘጋጁ መሆኑ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ልትሸለም የመጣች ሴት ስለ ድርጅቷ ሥራ ጀመረች። መድረክ መሪው አቋረጣትና «ያ ቀን ምን ተሰማሽ?» አላት። ብርጭቆውን አንስታ ውኃ ጠጣች። ደግማ ጠጣች። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ስለ ሥራዋ ሳትናገር ሰዓቱ አለቀ።

በኤፕሪል 2022 በናዲያ ስም የተሰየመ የሥነ ምግባር ደንብ ይፋ ሆኗል። የተጎጂዎችን ቃል የሚሰበስብ ጋዜጠኛ፣ መርማሪና ድርጅት ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። ታሪኩን መጠየቅ በእርግጥ አስፈላጊ ነው ወይ? ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ተናግራው ከሆነ ከዚያ መውሰድ አይቻልም ወይ? «አዎ» ካለች በኋላ ሐሳቧን መለወጥ እንደምትችል ታውቃለች ወይ? ቃሉ ከተቀረጸ በኋላ የት የት ይሄዳል?

ክብሩ ራሱ መሸማቀቂያ ሊሆን ይችላል?

ሆኖም ያውቃል። በ1971 ባንግላዲሽ ነፃ ስትወጣ መንግሥት በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶችን «ቢራንጎና» ብሎ ሰየማቸው። ጀግና ሴት ማለት ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር። መንደር ሲደርስ ግን ቃሉ «ያቺ የተደፈረችው» ማለት ሆነ። የክብር ስማቸው አሳወቀባቸው። ብዙዎቹ ደበቁት። አብረዋቸው የታገሉ ወንዶች የነፃነት ታጋይ ተብለው ጥቅማ ጥቅም ሲያገኙ፣ እነሱ ያንኑ ዕውቅና ለማግኘት እስከ 2015 ጠበቁ። ስም ብቻ ሰጥቶ መሄድ ሴትዮዋን ለጎረቤት ሐሜት አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ስም ሳያወጡ ማክበር እንደሚቻል ኮሶቮ አሳይታለች። በ2015 ፕሪሽቲና ስታዲየም ውስጥ አንዲት አርቲስት የልብስ ገመድ ዘረጋች፤ 5,000 ቀሚስና ጉርድ ተሰጣበት። ልብሱን የሰጡት ተጎጂዎች፣ ተራ ሴቶችና የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳይቀሩ ናቸው። የትኛው ቀሚስ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ታጥቦ የተሰጣ ልብስ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ቦታ። ምንም ንግግር አያስፈልገውም ነበር።

የተከበረው ሰው ፖለቲካ ውስጥ ቢገባስ?

መብቱ ነው። ዶክተር ሙክዌጌ በዲሴምበር 2023 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ፤ ያገኙት ድምፅ ከ1 በመቶ በታች ነበር። «ኖቤሉ ለዚህ ነበር?» ያሉ አልጠፉም። እኔ ግን ጥያቄው አልገባኝም። ፓንዚ የታከሙት ሴቶች በምርጫው ውጤት መታከማቸው አይሰረዝም። የምናከብረው የሠሩትን ሥራ ነው። በሌላ ጉዳይ መተቸት፣ መቃወም፣ ድምፅ መንፈግ ሁሉ ይቻላል። ሰውን ታቦት ስናደርገው ነው በኋላ የምንደናገጠው።

ተሟጋቿ መከበር ባትፈልግስ?

እንግዲያው አታክብሯት፤ ማለትም በአደባባይ። ስሟ ሲወጣ ደንበኞቿ መምጣት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ «እሷ ቤት የገባች ተደፍራ ነው» ይባላልና። ኬላው ላይ ያለው ታጣቂም ፎቶዋን ሊያውቀው ይችላል።

በጓዳ «ምን ይሻልሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሱ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ሥነ ሥርዓት አይወጣውም። የስልክ ካርድ። የቢሮው የሦስት ወር ኪራይ። የሾፌሩ ደሞዝ። ሌላ ሰው የማይከፍተው ባለ ቁልፍ የፋይል ካቢኔ። ለእሷ ራሷ የሥነ ልቦና ባለሙያ፤ ሌት ተቀን የሰው ጉድ ስትሰማ የምትውል ሴት እንቅልፍ ይነሣታል። አንዳንዷ ደግሞ «ሁለት ሳምንት ልጆቼን ይዤ ልጥፋ፤ ስልኩን የሚያነሳልኝ ሰው ፈልጉልኝ» ትላለች።